ባዕዱ አቶም የማግኔቱን አቅጣጫ ያውቃል፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአማርኛ የተጻፈ አንድ የፊዚክስ ጽሑፍ አነበብኩ። የሚያወራው በማግኔታዊ ክሪስታል ውስጥ የገባ ባዕድ አቶም ኒውክለስ ላይ ስላለው የኤሌክትሪክ መስክ ግራዲየንት ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ በቋንቋችን ተጽፎ ማየት ብርቅ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር የጀመርኩት። ስጨርሰው ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። የጸሐፊው ድምዳሜ ማግኔቱ ወዴትም ይዙር ወዴት ግራዲየንቱ ንቅንቅ አይልም የሚል ነው። ይህ ስህተት ነው። ተማሪዎች እየተቀባበሉት ስለሆነ ደግሞ ስህተቱ የት የት እንደሆነ በየነጥቡ ማሳየት አለብኝ።

ለጉዳዩ አዲስ ለሆነ አንባቢ ባጭሩ ልግለጽ። አንዳንድ ኒውክለሶች ድቡልቡል አይደሉም፤ ወይ ሞላላ ናቸው ወይ ጠፍጠፍ ያሉ። ስፒናቸው 1 ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት ማለቴ ነው። በዙሪያቸው ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ከቦታ ቦታ ሲለያይ ይሰማቸዋል፤ ኢነርጂያቸውም ወዴት እንደተኙ ይለዋወጣል። ያንን የመስክ መለያየት ነው ግራዲየንት የምንለው። አንድ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ቴንሰር ነው። ዋና እሴት አለው፣ ዋና ዘንግ አለው፣ በዘንጉ ዙሪያ ምን ያህል እኩል እንዳልሆነ የሚናገር የአሲሜትሪ ቁጥርም አለው። ኪዩቢክ ባልሆኑ፣ ማለትም የአቶሞቻቸው አቀማመጥ የኩብ ሲሜትሪ በሌላቸው ብረታ ብረቶች ውስጥ መጠኑ በ10 ኃይል 21 ቮልት በካሬ ሜትር አካባቢ ይውላል።

የእኔ ክርክር የሚያርፈው አንድ ልዩነት ላይ ነው። የማግኔታዊነት አቅጣጫ ሲዞር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ወይ ግራዲየንቱ ባለበት ይቆይና በመለኪያችን የሚታየው ድርሻ ብቻ ይለወጣል። ወይ ደግሞ ግራዲየንቱ ራሱ ይለወጣል። ጸሐፊው ሁለቱን አምታተዋል። የመጀመሪያው በሆነበት ቦታ ሌላ ምክንያት ፍለጋ ሄደዋል፤ ሁለተኛው ባለበት ቦታ ደግሞ ጭራሽ የለም ብለዋል።

«ግራዲየንት የቻርጅ ጉዳይ ነው፤ ማግኔት ቻርጅን አይነካም»

የአረፍተ ነገሩ የመጀመሪያ ግማሽ ልክ ነው። ሁለተኛው ግን አይደለም። በብረት ውስጥ ማግኔታዊነቱን የተሸከሙት ኤሌክትሮኖች ቻርጁንም የተሸከሙት እነዚያው ናቸው። ሁለቱን የሚያገናኝ ገመድ ባይኖር ኖሮ ስፒኑ ወዴት እንደሚያመለክት የቻርጁ ደመና አያውቅም ነበር። ገመዱ ግን አለ፤ ስፒን-ኦርቢት ትስስር ይባላል። በእሱ አማካይነት የኤሌክትሮኑ ኦርቢት የስፒኑን አቅጣጫ ይሰማል። ደመናው በዚያ አቅጣጫ ጥቂት ይረዝማል ወይም ጥቂት ይጠፈጠፋል። ኒውክለሱ መሀል ተቀምጦ ይህን ያያል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ቁልፍ ነገር አለ። ማግኔታዊነቱን በ180 ዲግሪ ብንገለብጠው ግራዲየንቱ ያው ነው። ሰሜንና ደቡብን አይለይም፤ የሚያውቀው ዘንጉን ብቻ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ከስፒን-ኦርቢት ትስስሩ ጋር በቀጥታ ሳይሆን ከስኩዌሩ ጋር ነው የሚያድገው። ይህ በቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ተመልከቱ። 3ዲ የሚባለው የኤሌክትሮን ሼላቸው በከፊል በተሞላ ንጥረ ነገሮች፣ ለምሳሌ በብረትና በኒኬል ውስጥ ትስስሩ ወደ 0.05 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። በ5ዲ ንጥረ ነገሮች፣ ለምሳሌ በኢሪዲየም፣ ወደ 0.5 ይጠጋል። አሥር እጥፍ ነው። ስኩዌር ሲደረግ መቶ እጥፍ ይሆናል። ብረት ራሱ ላይ የማይታየው ነገር ብረት ውስጥ የገባ ኢሪዲየም ላይ ፍንትው ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ጸሐፊው ምሳሌያቸው ያደረጉት ካድሚየም-111ን ነው። እውነት ነው፣ ብረት ውስጥ የገባ ካድሚየም ወደ 38 ቴስላ የሚሆን ሃይፐርፋይን መስክ (ኤሌክትሮኖቹ ኒውክለሱ ላይ የሚፈጥሩት ማግኔታዊ መስክ) ይሰማዋል፤ ምልክቱም ንጹህ ማግኔታዊ ተደርጎ ቢወሰድ ችግር የለውም። ግን የካድሚየም 4ዲ ሼል ሙሉ ነው። ኦርቢቱ የሚጫወትበት ክፍት ቦታ የለውም። ካድሚየም ላይ ያላዩትን ነገር ለኢሪዲየም፣ ለፕላቲነምና ለወርቅ ጭምር የለም ማለት አይቻልም።

«በኪዩቢክ ክሪስታል ውስጥ ግራዲየንት ዜሮ ነው፤ ይህ የሲሜትሪ ሕግ ነው»

ይሄኛው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚሰናከልበት ቦታ ነውና።

ሕጉ ልክ ነው። የተሳሳተው የማንን ሲሜትሪ እንደምንቆጥር ነው። የአቶሞቹ አቀማመጥ ኪዩቢክ ነው። ማግኔታዊ የሆነው ብረት ግን፣ ስፒን-ኦርቢት ትስስር እስካለ ድረስ፣ ኪዩቢክ አይደለም። ማግኔታዊነቱ በ[100] አቅጣጫ፣ ማለትም በኩቡ ጠርዝ፣ ከሆነ ያ ዘንግ ከሌሎቹ ሁለቱ ተለይቷል። በዘንጉ ዙሪያ አራት እጥፍ ሲሜትሪ ስለሚቀር ግራዲየንቱ ዘንጋዊ ይሆናል፤ አሲሜትሪው ዜሮ ነው። በ[111] አቅጣጫ፣ በኩቡ ሰያፍ፣ ሦስት እጥፍ ሲሜትሪ ይቀራል፤ አሁንም ዘንጋዊ ነው። በ[110]፣ በኩቡ ገጽ ሰያፍ፣ ግን የሚተርፈው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አሲሜትሪ ይመጣል። ይህ ደግሞ ከውጭ መስክ ስናደርግ ብቻ የሚፈጠር አይደለም። ብረት በተፈጥሮው [100]ን ይመርጣል፤ ኒኬል [111]ን። እያንዳንዱ ዶሜይን (ማግኔታዊነቱ አንድ አቅጣጫ የያዘ የብረቱ ክፍል) ሲወለድ ጀምሮ ኪዩቢክነቱን ለቋል።

ይህ የእኔ ግምት አይደለም። ጌሪንግና ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1974 በኪዩቢክ ማግኔታዊ ብረታ ብረት ውስጥ በገቡ 5ዲ አቶሞች ላይ የሚታየውን የኳድሩፖል መነጣጠል (ግራዲየንቱ የሚያመጣውን የሬዞናንስ መስመር መከፈል) በዚሁ መንገድ በቲዎሪ አብራርተዋል። ማብራሪያ ያስፈለገው መነጣጠሉ ቀድሞ በሙከራ ታይቶ ስለነበር ነው።

ምን እንደሚታይ በቅርበት ላሳያችሁ። ኢሪዲየም-193 ስፒኑ 3/2 ነው። ብረት ውስጥ ሲገባ የሚሰማው ሃይፐርፋይን መስክ ወደ 140 ቴስላ ነው፤ የሬዞናንስ ድግግሞሹ ከ100 ሜጋኸርዝ በላይ ይሆናል። ግራዲየንት ባይኖር አንድ መስመር ብቻ ነው የምናየው። ግራዲየንት ካለ መስመሩ ሦስት ይሆናል። መካከለኛው ባለበት ይቀራል፤ ሁለቱ ግራና ቀኝ ይወጣሉ። ግራዲየንቱ 10 ኃይል 20 ቮልት በካሬ ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ የዳር መስመር ከመካከለኛው ወደ 0.9 ሜጋኸርዝ ይርቃል። ይህ ለሬዞናንስ መሣሪያ በቂ ርቀት ነው። ክሪስታሉን በሌላ አቅጣጫ ማግኔት አድርጋችሁ ያንኑ ርቀት መለካት ትችላላችሁ።

የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሃግን፣ ዜክና ሴዋልድ ይህን መንገድ ሩቅ ወስደውታል። ራዲዮአክቲቭ የሆኑ ባዕድ አቶሞች ነጠላ ክሪስታል ውስጥ ይገባሉ፤ ናሙናው ከፍጹም ዜሮ ጥቂት ሺኛ ኬልቪኖች ከፍ ወዳለ ቅዝቃዜ ይወርዳል፤ ኒውክለሶቹ ይደረደራሉ፤ የሚወጣው ጋማ ጨረር በየአቅጣጫው እኩል መሆኑ ይቀራል። ከዚያ የራዲዮ ሞገዱ ሬዞናንሱን ሲመታ የጋማው ስርጭት ይለወጣል። ይህ ዘዴ በእነሱ አልተጀመረም፤ ማቲያስና ሆሊደይ እ.ኤ.አ. በ1966 በብረት ውስጥ ባለ ኮባልት-60 ላይ አሳይተውታል። የሙኒኮቹ ውጤት ግን ለኛ ክርክር በቀጥታ ይናገራል፦ የግራዲየንቱ መጠን በማግኔታዊነቱ አቅጣጫ ይለያያል።

ቀላል የሆነ ሒሳብም ከጀርባው አለ። በዝቅተኛው ደረጃ ግራዲየንቱ የሚወሰነው የማግኔታዊነት አቅጣጫ ኮሳይኖች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲባዙ በሚሰጡት ውጤት ነው፤ በኪዩቢክ ቦታ ደግሞ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ይገልጹታል። አንዱ በ[100] የሚታየው፣ ሌላው በ[111] የሚታየው። ሁለቱ እኩል ቢሆኑ ግራዲየንቱ መጠኑን ሳይለውጥ ማግኔቱን ተከትሎ በዞረ ነበር። ሁለቱ ካልተስማሙ መጠኑም ይለወጣል። በሁለቱም አቅጣጫ የግራዲየንቱ ዘንግ ከማግኔታዊነቱ ጋር ተደርቦ ስለሚተኛ፣ የታየውን ልዩነት «ማዕዘኑ ስለተለወጠ ነው» ብሎ ማምለጥ አይቻልም። ማዕዘኑ ሁልጊዜ ዜሮ ነው። የተለወጠው ግራዲየንቱ ነው።

«ሄማታይት ላይ የታየው ክሪስታሉ ስለተለወጠ ነው»

ጸሐፊው ሄማታይትን የሚያነሱት ከእሳቸው ሐሳብ ጋር የማይሄድ መስሎ ስለታያቸው ነው። ሲቀዘቅዝ የኳድሩፖል ሽግሽጉ፣ ማለትም ግራዲየንቱ በመስመሮቹ ላይ የሚያመጣው ፈቀቅታ፣ ምልክቱን ይገለብጣል። እሳቸው «የክሪስታሉ ቅርጽ ተለውጦ ግራዲየንቱን ገልብጦታል» ይላሉ። ሄማታይት ውስጥ ብረቱ ባዕድ አቶም አይደለም፤ ቢሆንም ምሳሌው የሳቸው ስለሆነ በእሱው እንነጋገር።

ሞሪን እ.ኤ.አ. በ1950 ያገኘው ሽግግር ነው። በ260 ኬልቪን አካባቢ ይከሰታል። ከዚያ በላይ ስፒኖቹ ከክሪስታሉ ዋና ዘንግ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርተው ጠለሉ ላይ ይተኛሉ። ከዚያ በታች ተነስተው ዘንጉን ይከተላሉ። የአቶሞቹ አወቃቀር ግን ያው የኮረንደም አወቃቀር ነው። በሞስባወር መለኪያ (ኒውክለሶች ጋማ ጨረር ሲውጡ የሚለካ ዘዴ ነው)፣ ከሽግግሩ በላይ ሽግሽጉ ወደ −0.20 ሚሊሜትር በሰከንድ ነው፤ ከታች ወደ +0.40 ነው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ዝም ብለን ማለፍ የለብንም። በጠንካራ ማግኔታዊ መስክ ውስጥ የሚታየው የግራዲየንቱ ሙሉ መጠን አይደለም፤ በሃይፐርፋይን መስኩ አቅጣጫ ያለው ድርሻው ነው። ድርሻው የማዕዘኑን ኮሳይን ስኩዌር በ3 አባዝተን፣ 1 ቀንሰን፣ ለ2 ስናካፍል የሚመጣው ቁጥር ነው። ማዕዘኑ ዜሮ ሲሆን 1 ይሰጣል። ማዕዘኑ 90 ሲሆን −1/2 ይሰጣል። ምልክቱ ይገለበጣል፣ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። +0.40ን እና −0.20ን ከዚህ ጋር አስተያዩ። ልክ ገጠመ። ጠዋትና እኩለ ቀን የአንድ ዘንግ ጥላ የተለያየ ነው፤ ዘንጉን ግን ማንም አልቆረጠውም።

ማለትም እዚህ ላይ የማግኔታዊነቱ መዞር ግራዲየንቱን ራሱን በዋናነት አልለወጠውም፤ በዚህ ብቻ ከጸሐፊው ጋር እንስማማለን። የማይሆነው ለመገለበጡ የክሪስታል ቅርጽ ለውጥ መፍጠራቸው ነው። የቅርጽ ለውጥ ቢሆን ኖሮ ይህ የሁለት እጥፍ ከተቃራኒ ምልክት ጋር በአጋጣሚ መምጣት ነበረበት።

«ቢኖርም ማግኔቶስትሪክሽን ነው»

ይህ ነጥብ ጥሩ ጥያቄ ነው። ማግኔት የሆነ ብረት በማግኔታዊነቱ አቅጣጫ ጥቂት ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ የተበላሸ ኩብ ደግሞ ግራዲየንት ይወልዳል። ግን መጠኑን እናስላው። ብረት በ[100] አቅጣጫ የሚረዝመው ከሚሊዮን 20 እጅ ያህል ነው። ጭራሽ ኪዩቢክ ያልሆነ ብረታ ብረት የሚሰጠው 10 ኃይል 21 ከሆነ፣ በዚህ ጥቃቅን መዛባት ልክ የሚደርሰን 2 ሲባዛ 10 ኃይል 16 ነው። ለጥንቃቄ መቶ እጥፍ እናሳድገው። 2 ሲባዛ 10 ኃይል 18 ሆነ። ብረት ውስጥ ባለ ኢሪዲየም ላይ የሚታየው መነጣጠል በሜጋኸርዝ ደረጃ ስለሆነ የሚጠይቀው ወደ 10 ኃይል 20 የሚጠጋ ነገር ነው። አይደርስም።

በባዕዱ አቶም አካባቢ ያለው መዛባት ከሩቁ ብረት የተለየ ሊሆን ስለሚችል፣ ማግኔቶስትሪክሽን ምንም ድርሻ የለውም አልልም። ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። የብረቱ መርዘም የብረቱ ነው፤ የገባው አቶም ኦስሚየም ይሁን ወርቅ ለውጥ የለውም። ግራዲየንቱ ግን የ5ዲ ሼሉ አሞላል ሲለወጥ አብሮ ይለዋወጣል። ይህ የኤሌክትሮኑን ኦርቢት እንጂ የመረቡን መወጠር አይመስልም።

«ለምንም የማይጠቅም ዝርዝር ነው»

በዚህ ላይ ረጅም መልስ አያስፈልግም፤ ሁለት ነገር ይበቃል።

ቴርቢየምና ብረት አንድ ለሁለት ሆነው የሚሠሩት ኪዩቢክ ውህድ [111]ን ይመርጣል፤ በቴርቢየም ፋንታ ዲስፕሮሲየም ሲገባ [100]ን ይመርጣል። በሁለቱም ውስጥ እያንዳንዱ የብረት አቶም ከአራቱ የኩብ ሰያፍ ዘንጎች በአንዱ ላይ የተተከለ ግራዲየንት አለው። ማግኔታዊነቱ [100] ላይ ሲሆን ከአራቱም ዘንጎች ጋር 54.7 ዲግሪ ይሠራል፤ ድርሻው ዜሮ ነው፤ ብረቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሞስባወር ስፔክትረም ይሰጣሉ። [111] ላይ ሲሆን ከአራቱ አንዱ ዜሮ ዲግሪ፣ ሦስቱ 70.5 ዲግሪ ይሠራሉ። ድርሻቸው 1 እና −1/3 ነው። ስፔክትረሙ አንድ ለሦስት ይከፈላል። ዱቄቱን መለኪያው ላይ አስቀምጦ ማግኔታዊነቱ ወዴት እንደሆነ ማንበብ ይቻላል ማለት ነው። የሁለቱ ቅይጥ ተርፈኖል-ዲ ነው፤ ለሶናር የሚውለው። ቴርቢየምና ዲስፕሮሲየም ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጎትቱ ቅይጡ በትንሽ መስክ ብዙ ይረዝማል።

ሁለተኛው የኒውክለስ ፊዚክስ ሰዎችን ይመለከታል። የራዲዮአክቲቭ ኢሪዲየም አይሶቶፖችን የኳድሩፖል ሞመንት (ኒውክለሱ ከድቡልቡልነት ምን ያህል እንደራቀ የሚናገር ቁጥር) ለማወቅ አንዱ መንገድ ብረት ውስጥ አስገብቶ መነጣጠሉን ከታወቀው አይሶቶፕ ጋር ማወዳደር ነው። ሁለቱም ያንኑ ግራዲየንት ካዩ ንጽጽሩ ንጹህ ነው። አንዱ በነጠላ ክሪስታል በ[100]፣ ሌላው ደግሞ አቅጣጫው በተደባለቀ ፎይል ከተለካ ግን ሁለቱ ያዩት ግራዲየንት አንድ አይደለም። የአቅጣጫውን ጉዳይ ችላ ያለ ሰው የተሳሳተ የኒውክለስ ቅርጽ ይዞ ይወጣል።

«በኮምፒውተር አስልቼዋለሁ»

የጽሑፉ ትልቁ ማስረጃ አንድ የስሌት ሠንጠረዥ ነው። ጸሐፊው ብረት ውስጥ ያለ ባዕድ አቶምን በዴንሲቲ ፋንክሽናል ቲዎሪ፣ ማለትም የኤሌክትሮኖችን ደመና በኳንተም ሕግ በሚያሰላ ስልት፣ አስልተዋል። ማግኔታዊነቱን በሦስት አቅጣጫ አዙረው ውጤቱ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ አንድ ሆኖ አግኝተውታል። በሦስቱም ዜሮ ነው።

ስልቱ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። ብላሃ፣ ሽዋርዝና ሄርዚግ እ.ኤ.አ. በ1985 በሊቲየም ናይትራይድ ላይ ካሳዩ ወዲህ ግራዲየንትን ከመነሻ መርሆች ማስላት የተለመደ ሥራ ሆኗል። ችግሩ ያለው በመግለጫቸው ውስጥ በአንዲት መስመር ላይ ነው፤ ስሌቱ «ስኬላር ሪላቲቪስቲክ» ነው ይላሉ። ይህ ማለት ስፒን-ኦርቢት ትስስሩ ጠፍቷል ማለት ነው። እሱ ከጠፋ ስፒኑ በራሱ ዓለም ይዞራል፤ የቻርጁ ደመና አይሰማውም። አቅጣጫውን የፈለጉትን ያህል ቢያዞሩት ቁጥሩ ፈጽሞ አይነቃነቅም። እስከ መጨረሻዋ አሃዝ አንድ መሆኑ ራሱ ምስክር ነው። አቅጣጫው በእርግጥ ስሌቱ ውስጥ ገብቶ ቢሆን፣ በሦስት አቅጣጫ መካከል ቢያንስ የቁጥር ጫጫታ ይታይ ነበር። ስለዚህ ሠንጠረዡ ያሳየው ግራዲየንቱ በአቅጣጫ እንደማይለወጥ ሳይሆን፣ ያ ተርም ከሌለ እንደማይለወጥ ነው። ያንን ማንም አልካደም።

ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቀው ስሌቱን እንዲደግሙት ነው። መጀመሪያ ትስስሩ እንደጠፋ፣ የመረጡት ትልቅ ሴል ባዕዱ አቶም ላይ ዜሮ መስጠቱን ያረጋግጡ፤ ሴሉ ራሱ ኪዩቢክ ካልሆነ ሐሰተኛ ግራዲየንት ያመጣል። ከዚያ ትስስሩን ያብሩ፤ ባዕዱ አቶምም ካድሚየም ሳይሆን ኢሪዲየም ይሁን። ፕሮግራሙ ለየአቅጣጫው የተቀነሰውን ሲሜትሪ እንዲጠቀም ያድርጉ። የኬ-ነጥቦቹን (ስሌቱ የኤሌክትሮን ሞገዶችን የሚወስድባቸው ነጥቦች) ቁጥር ውጤቱ እስኪረጋ ድረስ ይጨምሩ፤ ኪዩቢክ ስሌት ላይ የሚበቃው እዚህ አይበቃም። [100]ን ካሰሉ በኋላ ገልብጠው ተቃራኒውን ያስሉ፤ ሁለቱ አንድ ካልሆኑ ስሌቱ ገና አልረጋም። በመጨረሻ [111]ን እና [110]ን ያስከትሉ። በዝቅተኛው ደረጃ፣ በ[110] ማግኔታዊነት ጊዜ በዚያው አቅጣጫ የሚታየው የግራዲየንት ክፍል የ[100]ው እሴት ሩብና የ[111]ዱ እሴት ሦስት አራተኛ ድምር መሆን አለበት። ከዚህ በግልጽ ከራቀ፣ ከፍ ያሉ ደረጃዎች ገብተዋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሁለተኛውን ጽሑፋቸውን ከማንም በፊት የማነበው እኔ ነኝ።